የአርባ ሰከንድ ለቅሶ

«እኔ በበኩሌ» አለ ዜና አንባቢው፣ ሲኒውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ «እናቴን የቀበርኩ ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ያ የፊልሙ ልጅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ‹አባዬ አትሂድ› ሲል ጊዜ፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ሚስቴ ደንግጣ ውሃ ይዛልኝ መጣች።»

ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተደረደሩት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዜና አንባቢው ጡረታ ከወጣ አሥር ዓመት ቢያልፈውም ድምፁ ጡረታ አልወጣም፤ «ነፍስ ይማር» ሲል እንኳ የነገውን የአየር ሁኔታ የሚያነብ ይመስላል። ሟቹ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስለ ሟቹ የሚወራው ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያው አንድ ወሬ ነው።

«ያ የለቅሶ ድምፅ ደግሞ የማን ነው?» ቀጠለ፣ ወደ በሩ በአገጩ እየጠቆመ። «የዚህች! የሚጣ! የገዛ ልጁ! በዘጠኝ ዓመቷ አገር ያስለቀሰች!»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ሚጣ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

አርባ አንድ ዓመቷ ነው። አንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትቀዳለች፤ በቀን ሠላሳ አርባ ክንድ ታስራለች፣ ትወጋለች፣ ጥጥ ትለጥፋለች። እዚያ ያሉት «ሲስተር» ነው የሚሏት። አባቷ ቤት ግን ዛሬም ሚጣ ናት። ሰው ሁሉ ያንን ለቅሶ አንድ ጊዜ ሰምቶ፣ ከዘጠኝ ዓመቷ እንዳታልፍ ፈርዶባታል። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው ለማለት ይከብዳል። ሁለት ሲኒ ተገልብጦ ቡናው እስከ ዜና አንባቢው ጫማ ድረስ ፈሰሰ።

አክስቷ ክርኗን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ጎተተቻት። የአባቷ ታላቅ እህት ናት፤ ለቅሶውን የምትመራው፣ ወንበር የምታስደረድረው፣ ማን መጣ ማን ቀረ ብላ በጭንቅላቷ የምትይዘው እሷ ናት።

«ምን ሆነሽ ነው? ሰው ፊት!»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ዘለላ እንባ እንኳ! አንዲት! ሰው ምን እያለ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ምን እያለ ነው?»

«‹ለፈረንጅ ፊልም ያለቀሰች፣ ለአባቷ ነሣችው› እያለ ነዋ!» አክስት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እሺ እንባው ይቅር። ለነገ ግን ፊትሽን ፍቺልኝ። የሥራ ባልደረቦቹ በሙሉ ይመጣሉ። ያንን ፊልም ይዘው ነው የሚመጡት። እዚሁ ሳሎን ቁጭ ብለን እናየዋለን፣ ለመታሰቢያው።»

«አይሆንም፣ እትዬ።»

«ምኑ?»

«ያ ፊልም እዚህ ቤት አይታይም።»

«እኔ ቃል ሰጥቻለሁ!»

«በኔ ለቅሶ?»

አክስት ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባትም። እንዴትስ ይገባታል? ሚጣ ለማንም ነግራ አታውቅም። አክስት ራሷን እየነቀነቀች ወጣች፤ ሚጣ ደግሞ የሲኒ ማጠቢያውን ውሃ እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ ንጹሑን ሲኒ ሁሉ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

አባቷ የውጭ ፊልሞችን ወደ እኛ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ነበር። መመለስ ብቻ ሳይሆን ይናገራቸውም ነበር። ለእያንዳንዱ ሚና ተዋናይ የመቅጠር ወግ ስላልነበረ አንድ ሰው ሁሉንም ይሆናል፤ ባልም፣ ሚስትም፣ ዳኛም፣ ሌባም። አሮጊት ሲሆን ጥርሱን በከንፈሩ ይሸፍናል፤ ባለሥልጣን ሲሆን አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ ያደርጋል። ያልሆነለት ልጅ መሆን ብቻ ነው። ልጅ ሲሆን ጉንፋን የያዘው ድመት እንደሚመስል ራሱ እየሳቀ ይናገር ነበር። እንግዲህ ያ ፊልም መጣና፣ ዋናው ሰው ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ፊልሙ የአንድ ብቸኛ ልጅ ታሪክ ነው። እናትና አባቱ ተጣልተው በአንድ ሕንጻ ላይ ሁለት ቤት ይዘው ይኖራሉ፤ እናት አምስተኛ ፎቅ፣ አባት ሦስተኛ። እርስ በርሳቸው ስለማይነጋገሩ መልእክት የሚያመላልሰው ልጁ ነው። «ለአባትህ እንዲህ በለው»፣ «ለእናትህ እንዲያ በላት»። ልጁ ራሱ የሚለው ነገር ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ የለም። አንድ ቀን እናትየው አባቱ ጋ ነው ብላ በር ትዘጋለች፣ አባትየው እናቱ ጋ ነው ብሎ በር ይዘጋል፣ ልጁ አራተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። አገር ያስለቀሰው ለቅሶ እዚያ ላይ ነው።

የተቀዳበትን ቀን ሚጣ ከነሽታው ታስታውሰዋለች። የመቅረጫው ክፍል ግድግዳ ብርድ ልብስ ለብሷል፤ ክፍሉ አቧራ አቧራ ይላል። ማዳመጫው ለጭንቅላቷ ስለሰፋት በአንድ እጇ ደግፋ ይዛዋለች። ከመስታወቱ ወዲያ አባቷና የድምፅ ባለሙያው ተቀምጠዋል። የድምፅ ባለሙያው ጠጉር የበቀለባቸው ትልልቅ ጆሮዎች ስላሉት እሷ ጋሽ ጆሮ ብላ አወጣችለት፤ ቆይቶ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ተከተላት።

ሌላውን ሁሉ አሳምራ ተናገረች። ለቅሶው ላይ ግን እምቢ አላት። «አልቅሺ» ሲሏት ሳቋ ይመጣል። ጋሽ ጆሮ ሽንኩርት ከትፎ አመጣላት፤ ዓይኗ አነባ፣ ድምፅዋ ግን ያው ሳቂታ ድምፅ ነው። አባቷ ሰዓቱን አየ። በሩን ከፍቶ ገባና ፊቷ ተንበረከከ።

«ሚጣ» አላት። የማንንም ድምፅ አላስመሰለም፤ የራሱ ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ቤት አልመጣም። እኔና እናትሽ ተለያይተናል። አንቺ ከእናትሽ ጋር ነሽ።»

ተነሥቶ ወጣ። በሩን ዘጋው። የመቅረጫዋ ቀይ መብራት በራች።

ያኔ ምን እንዳለች እሷ አታስታውስም፤ ሰው ሁሉ ግን ያስታውስላታል። የምታስታውሰው አባቷን ነው። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን እየተያዩ፣ አንድ እጁን ወደ ጋሽ ጆሮ ዘርግቶ፣ ቀጥል፣ ቀጥል እያለ ጣቱን ያዞራል። አርባ ሰከንድ አዞረ። ከዚያ በሩን በርግዶ ገባና አቀፋት። «ውሸቴን ነው! ውሸቴን ነው፣ የኔ ጎበዝ! ወርቅ አድርገሽ ሠራሽው!» እሷም ሳቀች። ብስኩት ገዛላት።

በዘጠነኛው ቀን ልብሱን ሸክፎ ሄደ። ሌላ ሴት አለችው ተባለ፤ አልነበረችውም። ለእናቷ የሰጠው ምክንያት «ድምፄ ዕረፍት ይፈልጋል» የሚል ነበር። ሚጣ ደግሞ፣ የልጅ ነገር፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ደመደመች። ያን ያህል አሳምራ ባታለቅስ ኖሮ ውሸት ሆኖ ይቀር ነበር። ይህንን ለእናቷም አልነገረችም። እናቷ ፊልሙን አይታ «ወይ ተዋናይ!» ብላ ስማታለች፤ እስከ ዛሬም ትወና ነው የሚመስላት። ከዚያ ወዲህ ሚጣ አላለቀሰችም። ልታለቅስ ስትል አንድ ሰው ጣቱን እያዞረ የሚያያት ይመስላትና እንባው እዚያው ይደርቃል።

ክሊኒክ ውስጥ ሕፃን ሲመጣላት «አያምም» አትልም። «ያማል። አምስት እስክንቆጥር ነው። ማልቀስ ትችላለህ» ትላለች። ልጁን በወሬ ለማታለል የሚሞክሩ እናቶችን ትቆጣለች። ኃይለኛ ናት ይሏታል። ይበሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለቀስተኛው ገና ሳይሞላ፣ ጋሽ ጆሮ ቀድሞ መጣ። ቴሌቪዥኑን ሊያዘጋጅ ነው። እነዚያ የታወቁ ጆሮዎቹ ዛሬ መስሚያ መሣሪያ ተሰክቶባቸዋል። ሚጣ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ጋሼ፣ ይዘውት ይመለሱ።»

«ምኑን?»

«ፊልሙን። አላሳይም።»

ጋሽ ጆሮ መሬት መሬቱን አየ። «ለምን ብዬ አልጠይቅሽም። አውቀዋለሁ።»

«ካወቁ ለምን አመጡት?»

«አክስትሽ ሦስት ጊዜ ደወለች። ደግሞ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ። እሱ በሕይወት እያለ አፌ አልፈታልኝም።» ከተደረደሩት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። «ልጁ አያለቅስም።»

«የቱ ልጅ?»

«የፊልሙ። በዋናው ላይ፣ ከውጭ በመጣው ላይ፣ ልጁ አያለቅስም። ካሜራው ከበስተጀርባው ነው፣ ፊቱ አይታይም። አርባ ሰከንድ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በቃ። ጽሑፉ ላይም ‹ዝምታ› ነው የሚለው። አባትሽ ‹ዝምታ ብሎ ነገር አላውቅም› አለ። ‹ሰዉ ተበላሸ ብሎ ቴሌቪዥኑን በጥፊ ይለዋል፣ እኛን ደግሞ ነገ አለቃ ጠርቶ ይለናል› አለ። እውነቱን ነው፤ እኛ መሥሪያ ቤት ድምፅ መቋረጥ በደብዳቤ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነበር። ስለዚህ ለቅሶ ይሙላበት ተባለ።»

ሚጣ ከበሩ ላይ ወደ እሱ ተራመደች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቢያንስ ፊልሙ ለቅሶ ፈልጎ ነው ስትል ኖራለች። ክፉ ቢሆንም ለሥራው ነው፣ ሥራው ደግሞ ትልቅ ነው፣ እያለች ለአባቷ ስትሟገትለት ኖራለች። ለካ ባዶ ቦታ ሲሞላባት ነው። ቀዳዳ ሲደፍንባት ነው!

«ያን ቀን ያውቅ ነበር?» አለች። «‹ውሸቴን ነው› ሲለኝ፣ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር?»

ጋሽ ጆሮ ያልሰማ ለመምሰል ሞከረ። አልሆነለትም።

«ልብሱን በጥቂት በጥቂቱ ስቱዲዮ ማምጣት ጀምሮ ነበር። ቦርሳው ከቴፕ መደርደሪያው ሥር ነበረች።»

«አንተስ?» ‹እርስዎ› ማለቱን የተወችው እዚህ ላይ ነው። «አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ ምን አደረግህ?»

«ድምፅሽን ለካሁ» አለ ጋሽ ጆሮ። «የመለኪያው መርፌ ቀዩን እንዳይነካ ያዝኩት። ሌላ ምንም አላደረግሁም፣ ሚጣ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።»

ልትጮህበት ፈለገች። ልታባርረው ፈለገች። ከሁሉ በላይ ግን ያንን ከትናንት ወዲያ የተቀበረውን ሰውዬ ከመሬት አውጥታ፣ ትከሻውን ይዛ መናጥ ነበር ያማራት። ሰው ሲሞት ቂሙም አብሮ ይቀበራል ያለው ማን ነው? እሷ ላይ ቁጭ ብሎ ሲብስበት ነው ያየችው። የሞተ ሰው አይመልስልህም፣ አያፍርልህም፣ ይቅርታም አይልህም። ነፍስ ይማር ብለህ ቡና ትቀዳለታለህ እንጂ!

«አያይዘው» አለች በመጨረሻ፣ ወደ ቴሌቪዥኑ እየጠቆመች። «ይታይ። ሪሞቱ ግን ከኔ እጅ አይወጣም።»

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ጢም አለ። ዜና አንባቢው ከፊት ተቀመጠ። አክስት ፊልሙ መፈቀዱን አይታ በደስታ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ አንዷን ጎረቤት «አላልኩሽም? ልቧ ራርቷል» ስትላት ሚጣ ሰማች። ሪሞቱን ይዛ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች።

ፊልሙ ተጀመረ። አባቷም ሞቶ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ሳሎኑ ውስጥ መናገር ጀመረ። የሕንጻው ዘበኛ ሆኖ ሲያስነጥስ ሰዉ ፈገግ አለ። ስድስተኛ ፎቅ ያለችው ነገረኛ አሮጊት ሆኖ «ደረጃው የአባትህ ነው ወይ? ቀስ ብለህ ርገጥ!» ሲል ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። አክስት አፏን በመሐረብ ያዘች። የሚጣም ከንፈር ሊያመልጣት ነበር፤ ነክሳ ያዘችው።

ያቺን አሮጊት በደንብ ታውቃታለች። አባቷ ከሄደ በኋላ፣ እስኪሞት ድረስ፣ እሑድ እሑድ በስልክ የምትደውልላት እሷ ነበረች። «ሚጣ የምትባል ባለጌ ልጅ እዚያ አለች ወይ?» ትላለች አሮጊቷ። ከዚያ ዘበኛው ይነጥቃታል፣ ከዚያ ዳኛው፣ ከዚያ ሌባው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ እናቷ ሕመም፣ መቼ ትመጣለህ ስለሚለው ልትነግረው ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችው ነገር ነበር፤ ግን በመሃል አንዲት ቃል የምታስገባበት ክፍተት አልነበረም። አንድ እሑድ እንደ ምንም ብላ «አባዬ» ስትለው፣ «አባትሽ የለም፣ እኔ ዘበኛው ነኝ» አላት። እየሳቀች ስልኩን ዘጋችና ሶፋውን በእርግጫ መታችው። በሚቀጥለው እሑድ ግን ከጠዋት ጀምራ ስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

ልጁ አራተኛው ፎቅ ደረሰ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ጀርባውን ለሰዉ ሰጠ። ዜና አንባቢው መሐረቡን አውጥቶ ተዘጋጀ።

ሚጣ ድምፁን አጠፋችው።

«እንዴ፣ ድምፁ ሄደ» አለ አንዱ።

«ሽቦው ነው። ሽቦውን ነካ አድርጉት።»

ዜና አንባቢው ብድግ ብሎ የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፉ ጠፍ ጠፍ አደረገው።

«አይንኩት!» አለች ሚጣ። «አልተበላሸም። ይቀመጡ።»

«ለቅሶው’ኮ ሊያልፈን ነው!»

«ለቅሶው የኔ ነው!» ድምፅዋ እንዲህ ከፍ ይላል ብላ ራሷም አልጠበቀችም። «ትወና አልነበረም። ጥሎን ሊሄድ እንደሆነ ነገረኝ፣ በሩን ዘጋብኝ፣ ስጮህ ቀዳኝ። ከዚያ ውሸቴን ነው አለኝ፣ ከዚያ ሄደ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰማችሁት። ይበቃችኋል።»

«ሚጣ!» አለች አክስት። «ሙት ነው’ኮ፣ ኧረ በሕግ!»

«እውነቷን ነው» አለ ጋሽ ጆሮ ከጥግ። «እኔ ነበርኩ የቀዳሁት። ልጁም አያለቅስም። ዝም በሉና እዩት።»

ዜና አንባቢው ተቀመጠ።

ዝም ብለው አዩት። ልጁ ጉልበቱን አቅፏል። የሸሚዙ ኮሌታ በአንድ በኩል ወደ ውስጥ ታጥፎበታል። የደረጃው መብራት በራሱ የሚጠፋ ዓይነት ነው፤ ጥቂት ቆየና ጠፋ። ልጁ ዞር ሳይል እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ግድግዳውን ዳሰሰና ማብሪያውን ነካው፣ በራ። እንደገና ጠፋ። እንደገና ዳሰሰ። ይህን ሁሉ ዓመት ሰዉ በለቅሶው ተጠምዶ ያችን እጅ አላያትም ነበር፤ ሚጣም ብትሆን ገና ዛሬ ነው ያየቻት። ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ፣ የኔ ልጅ» አለች በሹክሹክታ።

ሚጣ ድምፁን እስከ ፊልሙ መጨረሻ ላትመልሰው ወስናለች። አባቷ አንድ ቀን እንኳ ዝም ይበል! ሰው ሁሉ ፊት፣ በገዛ ለቅሶው ላይ፣ ማንም ሳይሰማው ይለፍልፍ። ይህን ስታስብ ጥርሷን ነክሳ ነበር።

አርባው ሰከንድ አለቀ። ታች ሦስተኛው ፎቅ ላይ በር ተከፈተና የልጁ አባት በነጠላ ጫማ ወጣ። ቀና ብሎ ልጁን አየው። አፉ ተንቀሳቀሰ። የአባቷ ተራ ነው።

ሰውዬው ተናገረ፤ ምንም አልተሰማም። አንድ ደረጃ ወጣ ብሎ ደግሞ ተናገረ። ከንፈሩ ይከፈታል፣ ይገጥማል፣ ሳሎኑ ውስጥ ግን ከሰዉ ትንፋሽ በቀር ምንም የለም። ሚጣ ያንን አፍ አየችው። ከእንግዲህ እሑድ ሁሉ እንዲህ ነው። አሮጊቷም፣ ዘበኛውም፣ ሌባውም አይደውሉም። ‹እሱ ነኝ› ብሎ በራሱ ድምፅ አንድ ቀን ይደውል ይሆናል ብላ ለማንም ሳትናገር የያዘችው ነገር ነበራት፤ እሱም አይሆንም።

አውራ ጣቷ ድምፅ መጨመሪያውን ተጫነ።

«...ብርድ አይደለም እንዴ?» አለ አባቷ። «ና፣ ግባ።»

ደግማ ተጫነች። ከፊት ያሉት ሰምተዋል፣ ከኋላ ያሉትም ሰምተዋል፣ ጋሽ ጆሮ መስሚያውን ከጆሮው አውጥቶ መዳፉ ላይ ይዞታል። አክስት ሁለት ጆሮዋን ያዘች። የመስኮቱ መስታወት መንዘር ጀመረ። ማንም «ቀንሺው» አላላትም፤ ሚጣም ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ ትጨምር ነበር።